የወንድሜ ጣፊያና የአባቴ ጥርጣሬ

ልጄ ባተኮሳት ቁጥር እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ጎኗ ይሄዳል። ከጎድን አጥንቷ ሥር ሁለት ጣቴን አስገብቼ "ትንፋሽ ሳቢ" እላታለሁ፤ ይኮረኩራታል መሰለኝ ትስቃለች። ለስላሳ መሆኑን ሳረጋግጥ ነው እኔም የምተነፍሰው። አትታዘቡኝ። ወንድሜ በታመመ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የነካሁት ጠጣር ነገር እስካሁን ከጣቴ አልወጣም።

ያኔ የምንኖረው ከዲላ ወደ ወናጎ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነበር። ግቢያችን ከዝናብ በኋላ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ይሸታል። አባቴ የቡና ኬላ ፈታሽ ነበር፤ ጆንያ ከፍቶ ሳያይ የማንንም ቃል አያምንም። ጠባዩን ኬላው ላይ ትቶት አይመጣም ነበር፤ እናቴ ከገበያ የገዛችውን ቅቤ ሳይቀር ያሸተዋል።

ወንድሜ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ ሰነበተ። ሲመጣበት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ሲለቀው ደግሞ በላብ ይጠመቃል። አንድ ቀን ገላውን ሳጥበው ግራ ጎኑ አብጦ አገኘሁት። ነካ ሳደርገው ጮኸ።

እናቴ የጠረጠረችው ጣፊያውን ነው። "ልጄን እየበላው ያለው እሱ ነው፤ ይተኮስ" አለች። በሰፈራችን ጣፊያው ያበጠበትን ልጅ በጋለ ብረት ጎኑን የሚተኩሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሆዱ ላይ ጠባሳ ያለበት የጨዋታ ጓደኛችን ብዙ ነበር። አባቴ ግን የጠረጠረው ጎረቤታችንን ነበር። ልጅ ያልወለደች ሴት ነች። ወንድሜን እንደ ልጇ ትወደው ስለነበር ከቤቷ ትኩስ ቆጮ ሳይበላ አይውልም። "አንድ ነገር አብልታዋለች" አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወዲያ እኔም በአጥሩ ቀዳዳ እጆቿን መጠበቅ ያዝኩ።

ሽማግሌው መጥተው ብረቱን ፍሙ ውስጥ ከተቱት። ወንድሜ ሸሚዙ ተገልቦ እናቴ ጭን ላይ ተኝቷል። አባቴ ከሥራ የደረሰው ብረቱ ቀልቶ ሳለ ነው። "ውስጡ ምን እንዳለ ሳይፈተሽ ማንም አይነካውም" አለና ልጁን አቅፎ ባጃጅ አስቆመ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። መንገዱን ሙሉ "መርዝ ካለ ይገኛል፣ መርዝ ካለ ይገኛል" ይል ነበር።

ጤና ጣቢያ ጣቱን ወግተው ደሙን አዩ። ወባ ነበር። ነርሷ ጎኑን በስሱ ዳሰሰችና "እንዳታሹት፣ እንዳትተኩሱት፤ ጣፊያው ሊፈነዳ ይችላል" አለች።

"ታዲያ ምን አሳበጠው?" አላት አባቴ ዓይኑን ሳይነቅል።

"ሥራ በዝቶበት ነው።"

መልሷ የገባኝ አድጌ የላቦራቶሪ ትምህርት ስማር ነው። ጣፊያ ለካ ኬላ ነው። ደም በጠባብ መተላለፊያዎቹ ሲያልፍ፣ እዚያ የሚጠብቁ ተከላካይ ሴሎች ቀይ የደም ሴሎችን ይፈትሻሉ። ወባ የገባበት ሴል እንደ ጤነኛው መተጣጠፍ ስለሚያቅተው ይያዛል፤ ይውጡታል። ሌሎቹ ደግሞ የወባውን መልክ ተምረው መከላከያ ያመርቱለታል። ሥራው ሲበዛ እነሱም ይበዛሉ፣ ጣፊያውም ያብጣል። እናቴ ልታስተኩሰው የነበረው ለልጇ የሚዋጋላትን ነበር።

አንዳንድ ሰው ላይ ግን፣ ወባው ከተደጋገመ፣ ደሙ ውስጥ ምንም ሳይገኝ እንኳ ሴሎቹ መብዛታቸውን አያቆሙም። ጣፊያው እንዳበጠ ይቀራል። መምህራችን ይህን ሲያስረዱ እኔ የማስበው አባቴን ነበር።

የወንድሜ ጣፊያ ከኪኒኑ በኋላ ቀስ በቀስ ሟሸሸ። አባቴ ወባ መሆኑን በገዛ ጆሮው ሰምቷል፤ ቢሆንም ወንድሜን ወደዚያች ሴት ቤት ድርሽ እንዳይል ከለከለው። ማንም ሳይነግራት ምክንያቱ ገባት። ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ቡሌ ልትሄድ ዕቃዋን አይሱዙ ላይ ያስጫነች ዕለት በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ መጣች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሷም እሱን እያየች ከዳሩ ቆርሳ ጎረሰች፤ አኝካ ዋጠች።

"ይዩ፣ እኔ በላሁ" አለችው። "አሁን ልጁ ይብላ።"

አባቴ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ተቀበላት። መኪናው እስኪታጠፍ ጠበቀና ቆጮውን ከነቅጠሉ ከአጥር ውጭ ወረወረው። ወንድሜ አላለቀሰም፤ አጠገቡ ቆሞ ያየው ነበር።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ያ ጥርጣሬው ወንድሜን ከብረቱ አድኖታልና ልቀየመው አልቻልኩም። ሴትዮዋ ግን ትናፍቀኛለች። ወንድሜ ጤነኛ፣ ግዙፍ ሰው ወጥቶታል። በቅርቡ አብረን ሰርግ ሄደን የሙሽራዋ እናት ሊያጎርሱት ጎንበስ አሉ። ፈገግ ብሎ እጃቸውን በአክብሮት መለስ አደረገና "ጠግቤያለሁ፣ እማማ" አላቸው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር።