ለታቦቱ የተሰጠው ድንጋይ

ወሬውን የሰማሁት ጎሬ ላይ ሳይንስ ሳስተምር ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው የአክስቴ ልጅ ከትምህርት ቤቱ በር አስጠራኝና፣ «እትዬ፣ አባባን የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች አስረዋቸዋል። የመንግሥት አልማዝ ደበቁ ብለው» አለኝ።

አባቴ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ያለ ደብር ገበዝ ነበሩ። አልማዝ የተባለው አንድ ገበሬ ሲያርስ አግኝቶ ለታቦቱ በስለት የሰጠው፣ እንደ መስታወት የጠራ ድንጋይ ነው። ለእረፍት ስሄድ አይቼዋለሁ፤ ኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ተራ ማዕድን፣ ካልሳይት ነው። እዚያው ቆሜ ለገበሬ ማኅበሩ ጻፍኩ፦ «አልማዝ ቢሆን ቢላ አይጭረውም። ይህን ግን ይጭረዋል፤ ሎሚ ጠብ ቢደረግበትም አረፋ ያወጣል። ሞክሩትና አባቴን ፍቱልኝ።»

የአክስቴ ልጅ ደብዳቤውን አደረሰ። ሊቀ መንበሩም ለአባቴ አነበበላቸውና፣ «በሉ አባ፣ ልጅዎ አዋቂ ሆናለች፤ ቢላውን ይያዙና ይሞክሩት!» ብሎ ቀለደባቸው ይባላል። አባቴ «ለታቦት በተሰጠ ነገር ላይ ቢላ አላሳርፍም» አሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ደብዳቤው ሳይነበብ ተቀደደ ይላሉ። አባቴ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በወሩ እስር ቤት ውስጥ አረፉ።

የቄስ ልጅ ሆኜ ምን ቢላ አጻፈኝ? ሎሚው ብቻ ይበቃ ነበር። ለጸሎት ስቆም እንኳ ያቺ «ቢላ» የምትል ቃል ትመጣብኛለች። ያን ቀን በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የነበራችሁ፣ በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ደብዳቤዬ ተነብቦላቸው እንደሆነ እውነቱን ንገሩኝ።