መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ያረሙት ላፕቶፕ

ሐረገ ወይን በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቃ ንፋስ መውጫ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ የሰፈሩን ስልክ በነጻ ስትጠግን ኖራለች፤ ጎረቤትም ትምህርቷን የሚመዝነው በዚሁ ነው። በዚህ ኅዳር ግን ወገዳ ከተማ ያለ የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ጌታነህ፣ ደኅና ፈተና ሰጧት። ሌላ ባለሙያ ሠርቶት የሄደውን የዘር መሸጫ ድረ ገጽ በራሷ ላፕቶፕ አስነሥታ፣ የተበላሸውን የማዘዣ ገጽ እስከ ዓርብ ካስተካከለች ትቀጠራለች። ካልሆነላት ሥራው ለባሕር ዳሩ ተወዳዳሪ ይሰጣል።

ኮዱ በእጇ ነው። የቀራት ኮዱ የሚደገፍባቸውን ጥቃቅን ፕሮግራሞች ከኢንተርኔት ማውረድ ብቻ ነበር። ላፕቶፑ ግን አንዱንም አላወርድ አለ፤ በሞከረች ቁጥር «የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ገና አልደረሰም» ብሎ ይዘጋባታል።

ሐረገ ወይን ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመረች። መጀመሪያ ኔትወርኩን ከሰሰች፤ ላፕቶፑን ታቅፋ ከመስኮት ወደ በረንዳ ተሰደደች። ቀጥሎ አንድ መስመር መመሪያ ሳይተው የሄደውን ባለሙያ አማች። ያላትን ሁሉ አጥፍታ እንደገና ጫነች፤ መልሱ ያው ሆነ። በመጨረሻ የራሷን ዲግሪ መጠራጠር ጀመረች።

አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ፣ የዘመን አቆጣጠሩ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ፣ ይህን ሁሉ ከመደባቸው ሆነው ይከታተላሉ።

«ምን ይልሻል?»

«ጊዜው አልደረሰም ይላል፣ አባባ።»

«እንግዲያማ ጠብቂው። እኛ ለምስክር ስንት ክረምት ጠብቀናል።»

«ዓርብ እኮ ነገ ነው።»

«ይህን ለእሱ ነግረሽዋል?»

ሐረገ ወይን ተስፋ ቆርጣ የባለሙያውን ፋይሎች ስታገላብጥ፣ ሰውዬው ሥራውን ለመጨረሻ ጊዜ የነካው በ2024 መሆኑን አየች። በላፕቶፑ ስክሪን ማዕዘን ያለው ቀን ደግሞ 2018 ይላል። ሰውዬው ገና ባልመጣ ዘመን ሠርቶ ሄዷል ማለት ነው።

ያችን 2018 ሳምንቱን ሙሉ ስታያት ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀን መቁጠሪያም 2018 ስለሚል ዐይኗ እንደ ትክክል አሳልፏታል። ላፕቶፑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ ስለዚህ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስመሰክሩበት፣ ዘንድሮ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ሁሉ ለእሱ ከዓመታት በኋላ የሚጻፍ ነው።

«አባባ፣ የዚህን ቀን የነካ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ ሳይደናገጡ። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን ስቶ አገኘሁት። የሳተ ቀን እያየሁ እንዴት አልፋለሁ?»

«በእኛ ሞሉት?»

«በማን ልሙላው ኖሯል?»

«የፈረንጁን ነው የሚፈልግ።»

«የሚፈልገውን መች ጠየቅሁት? ትክክለኛውን ነው የሰጠሁት።»

ሐረገ ወይን ጥርሷን ነክሳ ቀኑን ለወጠች። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስለምናት የከረመው ላፕቶፕ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ያን ሁሉ ፕሮግራም ማውረድ ጀመረ። ድረ ገጹ ተነሣ። የማዘዣው ገጽ ጉድለት ደግሞ የአንድ መስመር ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ይበልጥ አበሳጫት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አቶ ጌታነህ ሥራውን አይተው ደወሉ፤ ሰኞ እንድትጀምር ነገሯት። መሪጌታ ወዲያው ደጃፍ ቆመው የልጃቸውን መቀጠር ለጎረቤት አበሠሩ፤ ላፕቶፑን በማረም እሳቸውም ጥቂት እንዳገዙ ጨመሩ። ሐረገ ወይን እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት የመጡትን ተቀብላ፣ አስቀምጣ፣ አመስግና፣ ጓዳ ገባች። ሳምንቱን ሙሉ ጊዜ ያጣችለትን ንዴት እዚያ በቅጡ ተናደደችው።