የተደፈነው ስም

የድሮ ብር የመሰብሰብ ፍቅር የያዘኝ ለአስተማሪነት አሰላ ተመድቤ ከመጣሁ በኋላ ነው። ጠገራ ብር በየገበያው ሞልቷል፤ እኔን ያሳበደኝ ግን አንድ የአሜሪካ ብር ነበር። ኢተያ የአንድ ቆዳ ነጋዴ ሚስት የነበሩ ባልቴት ሸጡልኝ። በአንድ ፊቱ የሴት ምስል፣ በሌላው ንስር አለበት። በዚያች ሴት ጉንጭ ላይ ደግሞ አንድ የጥንት አሜሪካዊ ባለሱቅ ስሙን በብረት ቀጥቅጦ አትሞበታል። የእኛ ገበያተኛ እንዲህ ያለውን ብር “ቁስለኛ” ብሎ ይንቀዋል። እኔ የወደድሁት ያንኑ ቁስል ነው። የማላውቀው ባለሱቅ ስም ባሕር ተሻግሮ ኢተያ ድረስ መምጣቱ! በአውራ ጣቴ ስዳብሰው እውላለሁ።

ዘመኑ ግን ለንስር አይመችም። ሰልፍ ላይ “ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!” ብዬ ጮኼ ስመለስ የአሜሪካ ንስር ቤቴ ይጠብቀኛል። ፍተሻ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር በርበሬ ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ ደግሞ አወጣና ፍራሽ ውስጥ፣ ከፍራሹ ጣራ ሥር። እንቁላል እንደያዛት ዶሮ ስዟዟር ባለቤቴ ታየኛለች።

በዚህ መሀል ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጮሌ ወረዳ ተላክሁ። ብሩን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ትቼው ሄድሁ። ፊደል ሳስቆጥር ልቤ ጆንያው ዘንድ ነው። አላስችል ቢለኝ አስፈቅጄ፣ ያገኘሁትን የእህል መኪና ተሳፍሬ መጣሁ።

ቤቱ ተበርብሯል። ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። ባለቤቴ ግን እየሳቀች ተቀበለችኝ፤ ብሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል! ብር ሠሪ ዘንድ ወስዳ ማንጠልጠያ አስበይዳለት፣ ንስሩን ወደ ደረቷ አዙራ፣ እንደ አገሩ ሴቶች በጥቁር ክር አስራዋለች። ፈታሾቹ ጠገራ መስሏቸው አለፉት።

“አንዷማ ‘የእናትሽ ነው? ያምራል’ አለችኝ።”

ላቅፋት ስጠጋ አውራ ጣቴ እንደ ልማዱ ብሩ ላይ ያለችውን ሴት ጉንጭ ዳበሰ። ልሙጥ ሆኗል።

“ስሙስ?”

“ቁስሉን ነው? ብር ሠሪው ደፈኑት። ‘ቁስለኛ ብር ከእጄ አይወጣም’ አሉኝ። እኔም ይሻላል አልሁ፤ ፈረንጅ ጽሑፍ ዓይን ይስባል።”

ደሜ ፈላ። “ምን አደረግሽኝ! ብሩ እኮ ለሱ ነበር የሚፈለገው!”

ሳቋ ጠፋ።

“ጎረቤታችንን፣ አብሮህ የሚያስተምረውን፣ ትናንት ፈታሾቹ ስሙን ጠርተው ወሰዱት። ያንተም ስም እንደሱ እንዳይጠራ ብዬ ነው ያስደፈንሁት።”

በመስኮት ወደ ጎረቤታችን ቤት አየሁ። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ የሚዘጋው ሰው የለም። እጄን ከብሩ ላይ አነሳሁ።