«መጣሁ» ብሏል እኮ

የቁልፍ ቀራጩ ሱቅ ከልብስ ቁም ሳጥን ብዙ አትበልጥም። አንድ ሰው ይቀመጥባታል፤ ሌላው ከውጭ ቆሞ በመስኮቷ ያወራዋል። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ገና ጥርስ ባላወጡ ቁልፎች ተሸፍኗል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ ይንሿሿሉ። የሰፈሩ ሰው ባለሱቁን «ቁልፌ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ናቸው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ያስደንቃል። ማሽኑ ሁለት መንጋጋ አለው። በአንደኛው የደንበኛው ቁልፍ ይታሰራል፣ በሌላኛው ጥርስ አልባው። አንዲት የብረት ጣት በአሮጌው ቁልፍ ላይ ወጣ ወረድ ስትል፣ በጎኗ የሚሽከረከረው ስለት እሷን እየተከተለ አዲሱን ይበላዋል። ከዚያ በሞረድ ማለስለስ ነው። እዚህ ድረስ ማንም ሊማረው ይችላል። ቁልፌን ቁልፌ ያደረገው ጆሮው ነው። በበሩ ቁልፍ ሆድ ውስጥ ትናንሽ የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል፤ ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ሁሉም እኩል ይነሳሉ። አንዷ እንኳ ለፀጉር ያህል ብታንስ በሩ እምቢ ይላል። የትኛዋ እንዳስቸገረች ቁልፌ የሚያውቀው ዓይኑን ጨፍኖ በማዳመጥ ነው። «ሦስተኛዋ ታማለች» ይላል፣ እንደ ሐኪም።

ይሄ ሰው የግማሹን ከተማ በር ቆልፏል። የእናቱ በር ግን ቁልፍ የለውም። ቁልፉ የነበረበት ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ይሄን ስለሚያውቅ በየጊዜው መስኮቷ ላይ ክርኑን አስደግፎ «ቁልፌ፣ የእናትህ ቤት ቁልፍ ጠፋብኝ፤ አንድ ቅረጽልኝ» ይለዋል። ቁልፌ ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ነገሩን ለመረዳት አንዲት ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «መጣሁ»። በቀን ስንቴ እንደምንላት አናውቅም፤ ልብ ብሎ ላያት ሰው ግን ጉድ ናት! ሲጠሩን «መጣሁ» እንላለን፤ ያኔ ገና ከወንበራችን አልተነሳንም። ከቤት ወጣ ስንልም ጀርባችንን ሰጥተን «መጣሁ» እንላለን፤ ያኔ ጭራሽ እየሄድን ነው። እውነት የምትሆነው ደጃፍ ደርሰን ስንላት ብቻ ነው። ሆኖም ማንም አይሳሳትም፤ ምክንያቱም ቃሏ አንድ ብትሆንም ዜማዋ ይለያያል። የተጠራ ሰው ይጎትታታል። ወጣ የሚል ሰው ይውጣታል። የደረሰ ሰው ደግሞ እንደ ዕቃ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣታል።

ቁልፌ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ሐይቁ መካከል ወዳለችው ትንሽ ደሴት ለሽርሽር ሄደ። ምሳ ሊያሞቁ ሲሉ ክብሪት የያዘ ሰው አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ፣ እሱ «ጋሼ» የሚለው፣ ድምፁ ገና መሰንጠቅ የጀመረ ጎረምሳ ነበር። ትንሿን ጀልባ ፈታ። ማዶ ያለው ሱቅ ከዚያው ይታያል። «መጣሁ» አለ፣ ቃሏን ውጦ። ከቀትር በኋላ ጀልባዋ ባዶዋን ተገኘች። መቅዘፊያዎቹ በሥርዓት ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ያልተከፈተ ክብሪት አለ። ገዝቶ እየተመለሰ ነበር ማለት ነው። ሐይቁን አሰሱት። ሐይቁ ግን ምንም አልመለሰም።

አባትየው «እርማችንን እናውጣ» አለ። እናትየው ደነገጠች።

«ማን ሞተ? መጣሁ ብሏል እኮ። እሄዳለሁ መቼ አለ?»

በማግስቱ የበሩን ቁልፍ በገዛ እጇ ነቀለችው። «ልጄ ቁልፍ አልያዘም» አለች። አባትየው እርሙን እንዳላወጣ አረፈ። ቁልፉ ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት «መጣሁ» ክልክል ሆነች። የተጠራ «አቤት» ይላል፤ የሚወጣ «ደርሼ ልመለስ» ይላል። የቁልፌ ሚስት፣ ዳቦ ቤት የምትሠራ ተጫዋች ሴት፣ ስታገባው «የዚህ ቤት ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሱን ካላፈረስኩ ንግሥት ነኝ» ብላ ነበር። ልጃቸውም ፊደል ሳትቆጥር ነው ይህን ሕግ የተማረችው። አፏ ስለማያርፍ «ቃጭል» ይሏታል።

ባለፈው ወር ግን አንድ ነገር ሆነ። በጠራራ ፀሐይ አንድ የማይታወቅ ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። የእናትየው ዓይን ደክሟል። «መጣህ?» አለችው። ሰውየው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ «መጣሁ» አላት። ሻይ አፈላችለት። ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ሬዲዮዋን በብብቱ አድርጎ ወጣ።

«ሲወጣስ ምን አለሽ?» አላት ቁልፌ።

«ምንም አላለኝ። እሱ አለመሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።»

«እማዬ፣ ዛሬ ሬዲዮ የወሰደ ነገ አንቺን ቢገድልሽስ? አንድ ቁልፍ ልግጠም። አንድ ብቻ። በእግዜር ስም።»

እናትየው የተወተፈውን ጨርቅ ስትነካካ ቆየች። «እሱን ሳልጠይቅ አይሆንም» አለች። «እዚያች ደሴት ውሰደኝና ልጠይቀው። ካልመጣ የፈለግኸውን ግጠም።»

ሄዱ። አራቱም ደሴቷ ላይ ሁለት ሌሊት የሚያድሩበት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ክፍልና አንዲት ኩሽና ነበረው። አልጋዎቹ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ያማርራሉ። ቁልፌ ዕቃ ከማስቀመጡ በፊት በሩን መረመረ። ቁልፍ የለውም።

«እዚህ ማን ይመጣል ብለን እንቆልፋለን?» አለችው የቤቱ ጠባቂ። ቁልፌ ዞር አለና ስለ አየሩ ጠየቃት።

ምድጃው ሊለኮስ ሲል ደግሞ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። ሚስት ከቦርሳዋ ክብሪት አወጣች። ቁልፌም ሳያስበው ከኪሱ አወጣ። ቃጭል ከካልሲዋ ውስጥ አንድ መዘዘች።

«አንቺ ደግሞ ማን ያዢ አለሽ?» አለቻት እናቷ። «ቤት ልናቃጥል ነው እንዴ የመጣነው?»

ሦስቱም ሳቁ። ያኔ አያትየዋም የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ክብሪት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሥዕሉ ጠፍቷል፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ግን አልተከፈተም። ሳቁ እዚያው ቆመ። አያትየዋ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የቀረውን ቀን አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ውሃውን ስታይ ዋለች። ቃጭል ጠጠር ትወረውራለች። ሚስት «እማማ፣ ፀሐዩ አልከፋዎትም?» እያለች ወንበሩን ከጥላው ጋር ስታዟዙር ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሲነሱ ሐይቁ የለም። ጭጋግ ከደጃፉ ጀምሮ ሁሉን ውጦታል፤ ከእንጨት ርብራቡ የጀልባ ማቆሚያ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው። ሚስት ኩሽና ውስጥ ዕቃ ታንኳኳለች። ያሻገራቸው ባለ ጀልባ፣ ድምፁ የሻከረ ሽማግሌ፣ በረንዳው ላይ ዳቦ ይነክሳል። ጀልባው ከርብራቡ አጠገብ ታስሯል።

እናትየው ተነስታ ርብራቡ ላይ ወጣች። ቁልፌ ክንዷን ሊይዝ ተከተላት፤ ቃጭልም ከኋላ።

«አባቴ!» ብላ ተጣራች። እናቶች እንደሚያደርጉት፣ የበኩር ልጇን የምትጠራው እንዲህ ነበር።

ውሃው የርብራቡን እግር ጠፍ ጠፍ አደረገ። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ፦

«መጣሁ!»

ጎትቶ ነው ያላት። ቃሏ መሃሏ ላይ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ተሰንጥቃለች።

«አባዬ!» አለች ቃጭል ሱሪውን ጨምድዳ። «ማነው መጣሁ ያለው? ክልክል ነው እኮ!»

ቁልፌ ዞር ብሎ ባለ ጀልባውን አየ። አፉ በዳቦ እንደተሞላ ነው፤ አያኝክም። ቁልፌ ዓይኑን ጨፈነ፤ ችግር ያለበት ቁልፍ ሲገጥመው እንደሚያደርገው። መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ይሰማ እንደሆን አዳመጠ። አይሰማም። የሞተር ድምፅ የለም፤ የሚዋኝ ሰው ትንፋሽም የለም።

«አባቴ!» አለች እናትየው እንደገና።

«መጣሁ!»

ድምፁ ከቅድሙ ቦታ ነው። ጠበቁ። ቆይታ ሦስተኛ ስትጣራ ዜማው ያው፣ ስንጥቃቱ ያው፣ ርቀቱም ያው ሆነ። 

«ሰማኸው?» አለችው እናቱ፣ ሳትዞር።

«ሰማሁት እማዬ።»

«ቀረበ?»

መዋሸት ፈልጎ ነበር። ጆሮው አልፈቀደለትም። «አልቀረበም» አላት።

 እናትየው ስትናገር ድምፅዋ ልጁን የበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «የተጠራ ሰው መጣሁ ይላል እንጂ ምን ይላል? ጨዋ ልጅ ነው። በሬን ከፍቼ በጠበቅሁት ቁጥር እየጠራሁት ነበር፤ እሱም በጠራሁት ቁጥር ይነሳል። ይሄን ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ አቆምሁት እኮ!» ከዚያ ወደ ጭጋጉ ጎንበስ አለች፤ ሕፃን እንደምታስተኛ። «አባቴ፣ በቃ። አልጠራህም። አረፍ በል።»

መልስ አልመጣም። ሚስት እጇን እየጠረገች ከኩሽና ብቅ አለች። «ምን ሆናችሁ እንደ ቤተ መዘክር ሐውልት ተገተራችሁ? ሻዩ በረደ!» አለች። እሷ ምንም አልሰማችም። ባለ ጀልባው ዳቦውን ዋጠና ሄዶ የጀልባውን ገመድ አጠበቀ።

ከደሴቷ በተመለሱ ማግስት ቁልፌ የእናቱን በር ሠራ። የተወተፈውን ጨርቅ ሲስበው በስብሶ ኖሮ እጁ ላይ ተበተነ። ቀዳዳውን አጸዳ፣ አዲሱን ቁልፍ አስገባ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። አንዱን መክፈቻ ለእናቱ ሰጠ፣ ሌላውን ለራሱ ያዘ። መዝጋትና መክፈት ደጋግሞ አለማመዳት። ልጅ መሆኑ የቀረ መስሎት ነበር፤ ሥራውን እናቱ ስታየው ግን ኮራ።

«ድምፁ ደስ ይላል» አለችው።

«አንዷም አልታመመችም» አላት። «በይ ከውስጥ ቆልፊው፤ ልስማ። ነገ ጠዋት ብቅ እላለሁ።»

ወጣ። ከኋላው ቁልፉ ዞረ፤ ዘንጎቹ እኩል ወደቁ፤ ንጹህ ድምፅ። ከልጅነቱ ወዲህ የእናቱ በር ሲቆለፍ የሰማው ገና አሁን ነው። መሣሪያውን አንስቶ ሊሄድ ሲል እናቱ ከውስጥ ተናገረች።

«መጣሁ!»

ክልክሏን ቃል። ጎትታ ነው ያለቻት፤ እንደተጠራ ሰው።

ቁልፌ አልጠራትም። መንገዱ ላይ ሰው የለም። የቤቱ የኋላ በር ከድሮ ጀምሮ በግድግዳ ተደፍኗል። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለች እናቱ እንደገና፣ ቶሎ እንደሚነሳ ሰው፤ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ቁልፌ መክፈቻውን ለማስገባት ሲታገል እጁ ሁለቴ ሳተ። የከተማውን በር ሁሉ የሚከፍት እጅ!

ሲገባ ክፍሉ መሃል ቆማለች። ሻርፗን ራሷ ላይ አስራለች፣ ጫማዋን አጥልቃለች። በእጇ ያቺን ቢጫ ክብሪት ይዛለች። ፊቷ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ተደፈነው ግድግዳ ነበር።

«አንተ ነህ የጠራኸኝ?» አለችው።

 የቁልፌ ጆሮ ገና እየሰማ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር መልሱን የሚጠብቅ ይመስል ዝም ብሏል።

«አዎ እማዬ» አላት። «እኔ ነኝ የጠራሁሽ።»

«ምን ፈለግህ?»

«ክብሪት።»

እናቱ እጇን አየች፣ እሱን አየች። ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። «እና ይሄን ለማለት ነው የምትጮህ?» አለች፣ ሻርፗን እየፈታች። ተቀመጠች። ጫማዋን ግን አላወለቀችም።

ቁልፌ ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ከዚያ ወንበር ስቦ በእናቱና በተደፈነው ግድግዳ መሃል አስቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ጀመረ፤ እንደገና የሚጠራት ካለ ቀድሞ «አቤት» ሊል።