የተቆረጠው ጭስ ማውጫ

ባለፈው ጥር፣ ትምህርት ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ፣ ወደ መንዝ የተጓዝሁት አገር ለማየት አልነበረም። በአደባባይ ያሳቅሁባቸውን ሰው ታሪክ ቀሪውን ግማሽ ለመፈለግ ነበር። እኒያ ሰው ያሳደጉኝ አክስቴ፣ ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

አክስቴ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በባልትና ትምህርት ሠልጥነው ወደ ገጠር ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል ናቸው። ጥቂት ዓመታት በጓሳ አጠገብ ባለ አንድ መንደር አስተምረው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ እስከ ዛሬም በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። የመንዝ ዘመናቸውን የጻፉበትን ደብተር እንዳነብ አስፈቅጄ ተቀበልኋቸው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ አክስቴ የሴቶቹ ዓይን በጭስ መጎዳቱን አይተው ለአምስት ቤቶች ከላምባ ቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አሠሩ፤ ጭሱም በጣሪያው በኩል ወደ ውጭ ይወጣ ጀመር። በሁለተኛው ክረምት የአምስቱም ቤት ክዳን በስብሶ አፈሰሰ። የሣር ክዳን ከነቀዝና ከብስባሴ የሚጠበቀው በጭስ ነው። ይህን ማንም ባላገር ያውቃል፤ መምህርቷ ግን አላወቁም ነበር።

እዚህ ላይ ደብተሩን ዘጋሁ። የሚያስቅ ነገር አገኘሁ ብዬ፣ ስማቸውን ቀይሬ፣ «ጭስ ያሳደዱት እመቤት» የሚል ጽሑፍ አዘጋጀሁና በተማሪዎች ጉባኤ ላይ አነበብሁት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀና ስል፣ አክስቴ ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ከኋላው ወንበር ተቀምጠው አየኋቸው። የእህታቸው ልጅ ሲናገር ሊሰሙ ነበር የመጡት።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ደብተሩን እስከ መጨረሻው አላነበብከውም።» ደብተሩን ተቀብለውኝ ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። በማግስቱ ወደ ሥራ አልሄዱም፤ በሳምንቱም አልሄዱም። ወሬው ከባልደረቦቻቸው አፍ ወጥቶ፣ የትምህርት ቤታቸው ልጃገረዶች «ጭሷ» የሚል ስም እንዳወጡላቸው ከጎረቤት ሰማሁ። ደብተሩን መልሱልኝ ለማለት ግን አፍ አልነበረኝም። ስለዚህ መንደሩን ልጠይቅ ተነሣሁ።

ቅዳሜ፤ እስከ መሐል ሜዳ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር፤ ትኩስ የገብስ ቂጣ በስሙኒ ገዝቼ በጋቢዬ ሥር እየቆረስሁ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መሐል ሜዳ የሚያደርሰው መንገድ በበጋ ብቻ የሚያስኬድ ስለሆነ፣ ጨው በጫነ መኪና ላይ ከጆንያዎቹ በላይ ተሳፈርሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ተኝቶ ስለነበር ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት በእግሩ ይመራን ነበር።

አንድ ቄስ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። «መንዝ ምን ጉዳይ አለህ ልጄ?» አሉኝ።

«ለጥናት ነው፣ አባ።»

«ደግ። መንዝን ያጠናው ብርድ ብቻ ነው፤ እሱም ገና አልጨረሰም» ብለው ከበግ ጠጉር በተሠራው ባናቸው ግማሽ አለበሱኝ። እውነቱን አለመናገሬ ቆረቆረኝ።

እሑድ፤ ጓሳ

መንደሩን የሚያውቅ ሰው ሳፈላልግ፣ ወደዚያው የሚመለስ አቶ ምንዳ የሚባል ገበሬ አገኘሁ። ፈረሱ ጨው ስለተጫነ ሁለታችንም በእግር ሄድን። ትንፋሼ ሲያጥር እያየ፣ «በል ተማሪ፣ ሳንባህን አዲስ አበባ ረስተኸው ነው የመጣኸው?» ይለኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጓሳ ደረስን። ከአድማስ እስከ አድማስ ጅብራና ረጅም ሣር፤ ነፋሱ ሣሩን አንዴ ብር፣ አንዴ ወርቅ ያስመስለዋል። በዚያ ሁሉ ሣር ውስጥ አንድም አጫጅ፣ አንድም በግ አልነበረም።

«ለምን አይታጨድም?» አልሁት።

«ዝግ ነዋ! ጓሳ የሁላችን ነው፤ የሁላችን ስለሆነ ቀኑ ሳይደርስ ማንም አይነካውም። ሲከፈት ሁሉም አጭዶ ቤቱን ይከድናል። ከዚያ ተመልሶ ለዓመታት ይዘጋል።»

«መካከል ላይ ቤቱ ያፈሰሰበት ሰውስ?»

«ባልዲ ይደቅናል!» ብሎ ሳቀ። ጥቂት እንደ ሄድን ዞሮ አየኝ። «የአስካለን ቤቶች ሰምተህ ነው የምትጠይቀኝ?»

«አክስቴ ናቸው» አልሁት።

አቶ ምንዳ ፈረሱን አቆመ። «የአስካለ ልጅ ነህና እስካሁን በእግርህ ታስኬደኛለህ! ምን አለ ጠዋት ብትናገር?» አንዱን ጆንያ አውርዶ በራሱ ትከሻ አደረገና በግድ ፈረሱ ላይ አወጣኝ። ጨውን ተሸክሞ ከፊቴ ሲሄድ እያየሁ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ስም ምን እንዳደረግሁት ቢያውቅ ኖሮ ብዬ አሰብሁ።

እማማ ደብሪቱ ቤት

ያደረሰኝ ከአምስቱ ቤቶች አንዱ ወደሆነው ወደ እማማ ደብሪቱ ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ስገባ ዓይኔን ለጭስ አዘጋጅቼ ጨፍኜ ነበር፤ ግን አላቃጠለኝም። ከምድጃው የሚነሣው ጥቁር ቆርቆሮ ከቆመ ሰው ራስ ጥቂት ከፍ ብሎ ያበቃል። ጭሱ ከዚያ ወጥቶ በክዳኑ ውስጥ ተሠራጭቶ ይቀራል፤ ከታች ያለው አየር ንጹሕ ነው።

እማማ ደብሪቱ ጠላ እየቀዱልኝ አወጉኝ። «ያን ክረምት ጠብታው አናቴ ላይ ሲወርድ ጊዜ፣ ተናድጄ መጥረቢያ አነሣሁና ይችን ቱቦ ከወገቧ ቆረጥኳት። ለካ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች! አሁን ትቆጣኛለች ብል፣ ገብታ ቁጭ አለች። ጭሱ ከራሳችን በላይ ሄዶ ክዳኑ ውስጥ ገባ፤ ዓይናችንን አልነካውም። ጭሱን ቀና ብላ አይታ፣ ‹እትዬ ደብሪቱ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?› አለችኝ። ‹ንዴት› አልኳት።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«በማግስቱ የአራቱን ቤት ራሷ እየዞረች ቆረጠች። በየቤቱ ‹እኔ አላወቅሁም፣ ደብሪቱ አስተማረችኝ› ትላለች። እኔ ፊደል የማልቆጥረውን! ክዳኑ ግን አንዴ በስብሷል። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ ‹ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለነዚህ አምስት ቤቶች ብቻ ጓሳን ክፈቱልኝ› ብላ ለመነች። ጓሳ ለልመና አይከፈት፤ እምቢ አሏት። አምስታችንንም ከነልጆቻችን ወደ ቆርቆሮው የትምህርት ክፍል አስገባችን። እሷ ለዕረፍት አገሯ መሄዷን ትታ ከኛ ጋር ገብስ ስትፈትግ ከረመች። ጓሳ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ማጭድ ይዛ ወጣች። ወንዱ ሁሉ ሳቀባት፤ እሷ እቴ! አጭዳ፣ ተሸክማ፣ የመጀመሪያውን ሸክም እዚህ በሬ ላይ ጣለችው።»

ቀና ብዬ ክዳኑን አየሁ። ከጥላሸት ብዛት እንደ ቆዳ ያበራል።

«ዛሬም ታስተምራለች አይደል?» አሉ።

«ሥራ መሄድ ትተዋል።»

«ምን ነክቷት?»

የሠራሁትን ነገርኋቸው። እማማ ደብሪቱ ጠላውን አስቀመጡ።

«ሰዉ ሳቀ?»

«አዎ።»

«አንተስ?»

«ያሳቅኋቸው እኔ ነኝ፣ እማማ።»

አልረገሙኝም፤ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። ወደ ጓዳ ገብተው፣ ከሥሩ እንጨት የተመታለት፣ ገብስ የሚሰፍሩበት አንድ የቆርቆሮ ዕቃ ይዘው መጡ። በዚያ ቀን በመጥረቢያ የቆረጡት የጭስ ማውጫው ላይኛው ክፍል ነበር። «ይህን ስጣት። ደብሪቱ ዛሬም ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የምታስገባው ራሷ ናት በላት።»

ማክሰኞ፤ ደብረ ብርሃን

በመመለሻዬ ደብረ ብርሃን ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በዚያ ጉባኤ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሳቀው የክፍል ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ቤተሰቡን ጠይቆ መመለሱ ነበር።

«ምን ተሸክመህ ነው? ጭስ ማውጫ ነው እንዴ?»

ለመናገር አፌን ከፈትሁ። በዙሪያችን ብዙ ሰው ነበር፤ ጫማዬ አቧራ፣ እጄ ጥላሸት ነው። «የአንድ ባላገር ዕቃ ነው፤ አድርስልኝ ብለውኝ ነው» አልሁት።

«እኔ እኮ የዚያችን የጭስ እመቤት ቅርስ ያገኘህ መስሎኝ!» ብሎ ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን በጋቢዬ ጠቅልዬ አዲስ አበባ እስክንደርስ ከእግሬ ሥር ደበቅሁት። በጉባኤው ያጠፋሁት ባለማወቅ ነበር ልል እችል ይሆናል። ይህን ግን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። አንድ ፊደል የማይቆጥሩ ሴትና አንድ ገበሬ ያከበሩትን ስም፣ ስንት መጽሐፍ ያነበብሁ እኔ በጋቢ ጠቅልዬ ደበቅሁ።

ቤት

አክስቴ ጥቅልሉን ፈትተው ቆርቆሮውን አዩት። የመጥረቢያውን ምት በጣታቸው ዳሰሱት።

«የእትዬ ደብሪቱ ዓይንስ?»

«ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገቡት ራሳቸው ናቸው። እንዲህ በላት ብለውኛል።»

ፊታቸው ከጉባኤው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ቀጥለው፣ «መንገድ ላይ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀህ አልነበረም?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አውቄው ነበር። ውሸት አዘጋጅቼም ነበር። ግን ከውሸቱ ይልቅ የክፍል ጓደኛዬን ሳቅና የራሴን ሳቅ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝ።

«እኔም ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ፊት ከመቆሜ በፊት ሦስት ቀን አሞኛል ብዬ ተኝቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በአራተኛው ቀን ተነሣሁ። እሱም ደብተሩ ውስጥ አለ።» ተነሥተው የሳጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። «ስትጽፈው የደብረ ብርሃኑን እንዳትተወው።»

ስለዚህ አልተውሁትም።

ሰኞ ጠዋት አክስቴ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቆርቆሮውን እስከ ትምህርት ቤታቸው በር እንዳደርስላቸው ጠየቁኝ። ለልጃገረዶቹ ሊያሳዩት ነበር። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። በሩ ላይ ደብተር ያቀፉ ሦስት ልጃገረዶች እኛን አይተው ተንሾካሾኩ፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ምንድን ነው የያዝከው?» አለችኝ።

አልጠቀለልሁትም ነበር። «ጭስ ማውጫ ነው» አልኋት። «የአክስቴ ነው።»