ሁለት ሽቦ በአንድ እንጨት

ሰኞ ማለዳ፣ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ ላንድሮቨሩን አስነሳን። ሾፌሬ ሰይድ ጋቢውን ተከናንቧል፤ እኔ ካርታዬን ታቅፌያለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር የመካነ ሰላም ስልክ ስለሚቋረጥ መጠባበቂያ መስመር እንዳቅድ ታዝዣለሁ። ዕቅዴን ደግሞ እንዴት እንደምወደው! በዚያው በቆመው የስልክ እንጨት ላይ ሁለተኛ ሽቦ እንወጥራለን፤ አንዱ ቢበጠስ በሌላው እናወራለን።

ማክሰኞ፣ ለጋምቦ

ጭጋግ፣ ጭቃ፣ የገብስ ማሳ። ቁርሳችን ቆሎና እርጎ፣ ሃምሳ ሳንቲም። ትንሽ እንደተጓዝን መሬቱ ተንዶ መንገዱን ቆርጦታል፤ ሦስት የስልክ እንጨቶች ከነሽቦአቸው ገደል ገብተዋል። ሰይድ እንጨቶቹን አየ፣ ካርታዬንም አየ። እኔ ካርታውን አጠፍኩት። በቅሎ ተከራይተን ናዳውን በላይ በኩል ዞርነው።

ረቡዕ፣ መካነ ሰላም

ድምፁን እንጂ መልኩን የማላውቀው ስልከኛው ጌታቸው ከበቅሎ ሳልወርድ ደረሰ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደሴ እናቷ ዘንድ ናት፤ መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ ወሬዋን አልሰማም።

«እንዴት ናት?» አለኝ፣ ከደሴ የመጣ ሁሉ የሚያውቃት መስሎት። አላውቅም ማለት ከበደኝ።

ምሳ የጋበዙን ጎረቤቱ ሼህ ይመር ናቸው፤ ቁርአን የሚያስተምሩ ሽማግሌ። ዕቅዴን ሳስረዳቸው ሌላ መንገድ የለም ወይ አሉ። በደጎሎ አለ፣ ግን ሩቅ ነው አልኩና ተረት ጨመርኩ፦ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«ልክ ነህ ልጄ። ዛፉ ሲወድቅሳ?»

በእሳቸው አገር ብርቱ ጉዳይ ያለው ሰው ሁለት መልእክተኛ በሁለት መንገድ ይልካል፤ ሁለቱንም በአንድ መንገድ የላከ ይሳቅበታል አሉ። ሰይድ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት

ጭቃ የለበሰ ሰው በደጎሎ በኩል ከተፍ አለ። የጌታቸው አማት ሁለት ሰው ልከው ኖሯል፤ በለጋምቦ የተላከው ወንዝ ሞልቶበት ሳይሆን አይቀርም፣ አልደረሰም።

«አብሽር፣ ሴት ልጅ ናት። እናትየዋም ደኅና ናት» አለው።

ጌታቸው አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ሁላችንንም እየዞረ ሳመን። የሰይድን በቅሎ እንኳ ሳማት። እኔ ሰውየውን የደጎሎ መንገድ ይርቃል ወይ ስል ጠየቅሁት።

«ሩቅማ ሩቅ ነው። ይኸው ደረስኩ።»

ካርታዬን ገለበጥኩና በጀርባው እንደገና ጀመርኩ፦ መካነ ሰላም፣ ደጎሎ፣ ወረኢሉ፣ ደሴ። ጌታቸው አጠገቤ ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጽልኛል።