ጥለውት ያለፉት በረኛ

ኡምኩልሱም ከጭሮ ስታዲየም በር ፊት ለፊት ሳምቡሳ መጥበስ ስትጀምር ልጇ ዘይኑዲን ገና ዳዴ ይል ነበር። የተወለደችው መሰላ ገጠር ነው፤ ጭሮ የመጣችው በጋብቻ። ባሏ ሲሞት ዘመዶቿ ተመለሺ ቢሏት፣ "ምን ረስቼ ነው የምመለሰው?" ብላ ቀረች። አማርኛን የለመደችው ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ጨዋታ ገብታ አላየችም። ከአጥሩ ውጭ ሆና ግብ መግባቱንና መሳቱን በጩኸቱ ትለያለች። ልጇ የመናኸሪያ ሰፈር ቡድን በረኛ ከሆነ ወዲህ ደግሞ፣ ጩኸቱ ድንገት ሲቋረጥ ኳሷን እሱ እንደያዛት ታውቅ ነበር።

ዘንድሮ የዞኑ ከተሞች ዋንጫ ሲጀመር መናኸሪያ የመጀመሪያውን ዙር ያለፈው በዘይኑዲን እጅ ነው። ከመሰላ ጋር እኩል ወጥተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄዱ ሁለቱን አዳነ።

"የእናትህን አገር ሰው አዋርደህ መጣህ? በምን ዓይኔ ዘመድ ልጠይቅ?" ብላ ሳቀችበት።

"ሳምቡሳ ይዘሽላቸው ሂጂ" አላት።

ሁለተኛው ዙር ቦኬ ላይ ነበር። ተጫዋቾቹ አይሱዙ ላይ ተጭነው ሄዱ። መኪናው መጠምዘዣ ላይ ሲያንገጫግጭ ከኋላ የተቀመጠው ዘይኑዲን ከመኪናው ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ወርደው አነሱት፤ ውሃ አፈሰሱበት። ከዚያም መንገደኛ ባጃጅ አስቁመው ብቻውን ወደ ጤና ጣቢያ ላኩትና ወደ ቦኬ ቀጠሉ። በሰዓቱ ካልደረሱ ፎርፌ ነው፤ ሳይጫወቱ እንደተሸነፉ ይቆጠራል። በተጠባባቂ በረኛ ተጫውተው ሁለት ለአንድ አሸነፉ። ዘይኑዲን ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ። ዓይኑን የከደነለት ስሙን እንኳ የማያውቀው የባጃጅ ሾፌር ነው።

ኡምኩልሱም አለቀሰች፤ ቀበረች፤ ለቅሶ የመጣውን ሰው አስተናገደች። ቁጣው የመጣው ተጫዋቾቹ ሊያጽናኗት ገብተው ግድግዳውን ይዘው ሲቀመጡ ነው። አንድ በአንድ አየቻቸው።

"አብሮት የሄደው ማነው?"

እርስ በርስ ተያዩ።

"እሺ፣ 'እንሂድ' ያለውስ ማነው?"

"ሁላችንም ነን አዮ" አለ አምበሉ እንዳሻው፣ ወለሉን እያየ። "አዮ" ማለት እናቴ ማለት ነው። ክርስቲያን ቢሆንም ከልጇ ጋር በአንድ ትሪ እየበላ ነው ያደገው።

"ሁላችሁም? አፋችሁ አንድ ነው?"

ሲወጡ ጎረቤቷ ዙህራ፣ "ተያቸው እንጂ፤ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው" አለቻት።

"መሞቱ ቀደር ነው። ያንን አልጠየቅሁም። ብቻውን የላከው አላህ ነው?"

ዙህራ ተነስታ ኩባያ ማጠብ ጀመረች።

መናኸሪያ ግማሽ ፍጻሜውንም አሸነፈ። በዚያው ሳምንት ኡምኩልሱም ወደ ምድጃዋ በተመለሰችበት ቀን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በፊቷ አለፈ። "ታላቁ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ! በዘይኑዲን መታሰቢያነት! እሑድ እንዳትቀሩ!" ቃሉን ወሩን ሙሉ ስትሰማው ከርማለች፤ የኳስ ነገር ነው ብላ ትታው ነበር። ያን ቀን ግን ሁለት ሆኖ ተሰማት። ጥሎ። ማለፍ። መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አውርዳ፣ እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እንኳ ሳትታጠብ፣ ወደ አቶ ኃይሉ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። አቶ ኃይሉ የቡድኑ መሪ ናቸው፤ አደጋው በደረሰ ዕለት በራሳቸው መኪና ቀድመው ቦኬ ደርሰው ነበር።

"እህቴ፣ እንኳን ደህና መጡ!" ብለው ተነሱ። "እኔም ልመጣ ስል ነበር። እሑድ ዋንጫውን እርስዎ እንዲሰጡልን የውድድሩ ኮሚቴ ወስኗል። ለልጁ ክብር ነው።"

"ይህን ስም ማን አወጣው?"

"የዘይኑዲንን? እኛው ነን።"

"ጥሎ ማለፍ የሚለውን።"

አቶ ኃይሉ ፈገግ አሉ። "እሱማ የውድድሩ ዓይነት ነው። የተሸነፈ ይወድቃል፤ ያሸነፈ ያልፋል።"

"የእኔ ልጅ ለማን ተሸነፈ?"

"ኧረ እንደዚያ ማለቴ አይደለም…"

"ለማን ተሸነፈ? ንገረኝ!" እርስዎ ማለቱን ረሳችው፤ ልታስታውሰውም አልፈለገችም። "ጥላችሁት ነው ያለፋችሁት። አሁን ደግሞ በስሙ ጥሩምባ ትነፋላችሁ። 'እንሂድ' ያለው ማነው? ስልክ ደውለህ ኑ ያልካቸው አንተ ነህ?"

"በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ የሰማሁት ከጨዋታው በኋላ ነው። ልጆቹ ተነጋግረው ነው። ይህን አሁን ማንሳቱ ምን ይጠቅማል?"

"ላንተ ምንም አይጠቅምህም" ብላ ወጣች።

እሑድ ግን ሄደች። ዙህራ ደንግጣ ተከተለቻት። መናኸሪያ በደሳን አንድ ለዜሮ አሸነፈ፤ ሜዳው በሆታ ተናጠ። አቶ ኃይሉ ማይክ ይዘው፣ "አሁን ዋንጫውን የዘይኑዲን እናት ያበረክቱልናል!" ሲሉ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በዋንጫው ሆድ ላይ የልጇ ስም የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል። አነሳችው። እንዳሻው ቀርቦ አንዱን ጆሮ ያዘ፤ እሷ ሌላውን አልለቀቀችም።

"'እንሂድ' ያለው ማነው?"

አቶ ኃይሉ ጠጋ ብለው፣ "እህቴ፣ ሰው እያየ ነው" አሉ።

"ይይ። ይይ ብለህ አይደል የጠራኸው?"

ማይኩ ክፍት ነበር። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እንዳሻው ከንፈሩን ነከሰ።

"እኔ ነኝ አዮ" አለ። "አንዱ ልጅ አብሮት ሊሄድ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰው ይጎድለናል ብዬ እጁን ጎትቼ አስወረድኩት።"

 የኡምኩልሱምን እንጀራ የበላ ልጅ ነው። እሱ ይሆናል ብላ አንድም ቀን አልጠረጠረችም፤ ጥርጣሬዋ በአቶ ኃይሉ ላይ ነበር። ዋንጫውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ወረቀቱን በጥፍሯ ከጫፉ ላጠችው። ሙጫው ጠንካራ ነበርና ጊዜ ወሰደባት።

"እንካ" አለችው ዋንጫውን። "ይህ የእናንተ ነው፤ ሮጣችሁ ያገኛችሁት ነው። ይሄኛው ግን የእኔ ልጅ ስም ነው።"

ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና በኖራ የተሰመረውን መስመር እየረገጠች፣ ሜዳውን መሐል ለመሐል አቋርጣ ወጣች።